ጠቋሚው ዝም ሲል፦ በእህል ጉድጓድና በመጋዘን ያለውን ጋዝ ስለ መለካት

መግቢያ

ከሮቤ ተነሥቶ በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ፣ የስንዴውን ደጋ ትቶ ቆላው ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ወይብ ወንዝ ከድንጋይ ሥር ገብቶ ሲሰወር ያያል። ይህ የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። ዋሻው ስሙን ያገኘው በጥንት ጊዜ በዚያ ይጸልዩ እንደነበር ከሚነገርላቸው ከሼኽ ሶፍ ዑመር ሲሆን፣ ምእመናን እስከ ዛሬ ለዚያራ ይሄዱበታል። የተለካው የውስጥ መንገዱ ርዝመት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ዋሻውን የቦረቦረው ወንዙ ብቻ አይደለም። የዝናብ ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ የእፅዋት ሥሮችና ጥቃቅን ነፍሳት የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ማለት ሕዝባችን የተቃጠለ አየር የሚለውን ጋዝ፣ ይዞ ይወርዳል። በዚህም ቀላል አሲድ ይሆንና የኖራውን ድንጋይ በብዙ ዘመን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ስለዚህ በዓይን የማይታይ፣ ሽታም የሌለው ጋዝ ተራራ ቦርቡሮ ለሰው መሄጃ አበጅቷል ማለት ነው።

ሰው በሶፍ ዑመር ገብቶ በደኅና የሚወጣው ግን ዋሻው ከአንድ በላይ አፍ ስላለው ነው። ወንዙ ባንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ንፋሱም አብሮ ይመላለሳል። የእህል ጉድጓድ ግን አፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በጭቃና በድንጋይ የተደፈነ ነው። ድንጋዩን ያሟሟው ያው ጋዝ በጉድጓዱ ውስጥ ሲጠራቀም መውጫ የለውም።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሆን፣ ዓላማችን በዝግ ቦታ ያለ ጋዝ በምን እንደሚለካ፣ የትኛው መለኪያ የትኛውን ጋዝ እንደሚያይና የትኛውን እንደማያይ ለማስረዳት ነው። ከሁሉ በላይ እንዲታወስልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ጠቋሚው ዝም አለ ማለት ጋዝ የለም ማለት አለመሆኑን ነው።

1. በጉድጓዱ ውስጥ ያለው አየር

የውጭው ደረቅ አየር በመቶ 78 ናይትሮጅን፣ 20.9 ኦክሲጅን፣ 0.9 አርጎን እና 0.04 ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ድርሻ በሶፍ ዑመር ቆላም ሆነ በጎባ ደጋ አንድ ነው።

እህል ግን ሕያው ነገር ነው፤ ይተነፍሳል። ነቀዝ ሲኖርበት የነቀዙ፣ ሲሻግት የሻጋታው ትንፋሽ ይጨመርበታል። እርጥበቱና ሙቀቱ በበዛ ቁጥር ትንፋሹም ይበረታል። በተደፈነ ጉድጓድ ውስጥ ኦክሲጅኑ እየተበላ በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ኦክሲጅኑ በጣም ሲያንስ ነቀዙ መብላቱን ያቆማል፣ በመጨረሻም ይሞታል። በሐረርጌ ማሽላን በጉድጓድ የማስቀመጡ የቆየ ልማድ ጥቅም ከዚህ የመጣ ነው። ዛሬ ማኅበራት የሚያከፋፍሉት አየር የማያስገባ ድርብ የእህል ከረጢትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ እህሉን የሚጠብቀው አየር ሰውን የሚገድል አየር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቁት ልኮች የሚከተሉት ናቸው፤

ሀ) ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.5 ከመቶ ሲሆን ሰው የ8 ሰዓት ሥራ ሊሠራበት የሚፈቀደው የመጨረሻ ልክ ነው፤

ለ) 4 ከመቶ ሲደርስ ለሕይወት አስጊ ነው፤ ወደ 10 ከመቶ ሲጠጋ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል፤

ሐ) ኦክሲጅን ከ19.5 ከመቶ በታች ከሆነ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ መግባት አይፈቀድም፤ ከ10 ከመቶ በታች ከወረደ ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል።

የባሌ ደጋ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ይገባዋል። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የኦክሲጅኑ ድርሻ በመቶ ሲታሰብ አንድ ቢሆንም በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ያነሰ ነው። ስለሆነም ከላይ የተጻፉት ልኮች ለደጋ ሰው ጠበቅ ተደርገው እንጂ ላላ ተደርገው መወሰድ የለባቸውም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል። ጉድጓዱ ቢከፈትም ጋዙ እንደ ውሃ ከታች ሊተኛ ይችላል። ከአፉ አጠገብ ሆኖ የሚተነፍስ ሰው ምንም አይሰማውም፤ ጎንበስ ብሎ ወደ ታች የወረደ ግን አይመለስም። እሱን ለማውጣት የሚወርደው ወንድም ወይም ጎረቤትም በዚያው ይቀራል። በዚህ ዓይነቱ አደጋ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ሰው የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው።

2. ሻማ የሚያየውና የማያየው

በብዙ አገር ሰው ወደ ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት ሻማ ወይም ኩራዝ በገመድ ይሰዳል። መብራቱ ከጠፋ አይገባም፤ ከነደደ ይገባል። ይህ ልማድ የመጣው ከጥንቃቄ ስለሆነ አንነቅፈውም። ይሁን እንጂ ሻማም አንድ ጠቋሚ ነው፤ እንደ ማንኛውም ጠቋሚ የሚያየው ነገር አለው፣ የማያየውም አለው። እስቲ እናስላው።

ሻማ የሚጠፋው ኦክሲጅኑ ወደ 16 ከመቶ ገደማ ሲወርድ ነው። እህል በትንፋሹ አንድ እጅ ኦክሲጅን ሲወስድ አንድ እጅ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልሳል። እንግዲህ ኦክሲጅኑ ከ21 ወደ 17 ከመቶ ሲወርድ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 4 ከመቶ ያህል ደርሷል። ሻማው ግን ገና ይነዳል። ለሕይወት አስጊ ከሆነው ልክ ላይ ተደርሶ ሳለ መብራቱ «ግባ» ይላል ማለት ነው።

እህሉ ረጥቦ መብላላት ከጀመረ ነገሩ ይብሳል። እንደ ጠላ ድፍድፍ የሚብላላ እህል ኦክሲጅን ሳይወስድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ፣ የኦክሲጅኑ መጉደል ብቻ ሲታይ ከሚገመተው የበለጠ ጋዝ ይጠራቀማል።

በመድኃኒት በታጠነ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ሻማ ፈጽሞ አይረዳም። ከአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል የሚወጣው ፎስፊን የሚባለው ጋዝ ሰውን የሚጎዳው ከአየር ሚሊዮን እጅ ጥቂት እጅ ሆኖ ሳለ ነው፤ በዚህን ያህል መጠን ሻማ አያጠፋም። ጋዙ ከበዛ ራሱ የሚቀጣጠል ስለሆነ እሳት ይዞ መቅረብ ሌላ አደጋ ያመጣል። አፍንጫም ቢሆን አይታመንም። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስለው ሽታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከጋዙ ጋር ከተቀላቀሉ ሌሎች ነገሮች ስለሆነ፣ ሽታው ጠፍቶ ጋዙ ሊቀር ይችላል።

3. ድብልቅ ጋዝ እንዴት ይለያያል?

በላቦራቶሪ የጋዝ ድብልቅ የሚለካበት መሣሪያ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይባላል። ክሮማቶግራፍ ማለት ቀለም ጻፊ ማለት ነው። ስሙ የመጣው በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ጽቬት የተባለ ሩሲያዊ የእፅዋት ተመራማሪ የቅጠል ቀለሞችን በመስታወት ቱቦ በታጨቀ የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ውስጥ አሳልፎ ስለለያቸው ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ማለት የሶፍ ዑመር ዋሻ የቆመበት የኖራ ድንጋይ ዋና ንጥረ ነገር ነው። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበትን የጋዝ መለያ ዘዴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ጄምስና ማርቲን የተባሉ እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች አስተዋወቁት።

አሠራሩን በምሳሌ እናስረዳ። ከጎሮ ገበያ በአንድነት ተነሥተው ወደ ሮቤ የሚሄዱ መንገደኞች አሉ እንበል። ባንዱ መንገድ ላይ የሚያውቀው ሰው የሌለው መንገደኛ ሳይቆም ይሄዳል፤ ዘመድ ያለው በየቤቱ ጎራ እያለ ቡና ይጠጣል። አብረው ቢነሡም ሮቤ ኬላ የሚደርሱት ተለያይተው ነው። በክሮማቶግራፉ ውስጥ መንገዱ ቀጭን መለያ ቱቦ ነው፤ ቤቶቹ በቱቦው ውስጥ የታጨቀው ጠጣር ናቸው፤ መንገደኞቹን የሚገፋው ንፋስ ደግሞ ተሸካሚ ጋዝ የሚባለው ሂሊየም ወይም ናይትሮጅን ነው።

አንድ መንገድ ሁሉን አይለይም። ሞለኪውላር ሲቭ የሚባለው ጠጣር ኦክሲጅንንና ናይትሮጅንን አሳምሮ ይለያል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን ይዞ ያስቀረዋል። ፖራፓክ የሚባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይለያል፤ ኦክሲጅንንና ናይትሮጅንን ግን በተለመደው ሙቀት አብሮ ያሳልፋቸዋል። ስለዚህ የእህል ጉድጓድ አየር የሚመረምር ላቦራቶሪ ሁለቱንም ቱቦዎች ይጠቀማል።

በመጨረሻ በኬላው ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን የሚመዘግብ አለ። ይህ ጠቋሚ፣ ባለሙያዎች ዲቴክተር የሚሉት ነው። ጋዝ ባለፈ ቁጥር በወረቀት ወይም በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ጉብታ ይሥላል፤ የጉብታው ስፋት የጋዙን መጠን ይናገራል። ነገር ግን የኬላ ጠባቂዎች ዓይን የተለያየ ነው።

4. አራቱ ጠባቂዎች

የሙቀት ጠቋሚ። ይህ በኤሌክትሪክ የጋለ ቀጭን ሽቦ ነው። ሂሊየም ሙቀትን ከአየር ስድስት እጥፍ ያህል ስለሚያስተላልፍ በሽቦው አጠገብ ሲያልፍ ያቀዘቅዘዋል። ከሂሊየሙ ጋር ሌላ ጋዝ ሲመጣ የማቀዝቀዙ ኃይል ይቀንሳል፤ ሽቦው ይግላል፤ የኤሌክትሪክ መከላከሉም ይለወጣል። ይህ ጠባቂ ያለ አድልዎ ማንኛውንም መንገደኛ ይመዘግባል። ኦክሲጅንን፣ ናይትሮጅንን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ሚቴንን ያያል። ለእህል ጉድጓድ የሚስማማውም እሱ ነው። ጉድለቱ ዓይኑ ደካማ መሆኑ ነው፤ ከመቶ እጅ የሚቆጠረውን እንጂ ከሚሊዮን ጥቂት እጅ የሆነውን አያይም። ተሸካሚው ጋዝ ሳይፈስ ሽቦው እንዲግል ከተደረገም ይቃጠላል።

የነበልባል ጠቋሚ። ይህ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በአውስትራሊያና በደቡብ አፍሪካ በነበሩ ተመራማሪዎች በየፊናቸው የተሠራ ነው። በሃይድሮጅን ነበልባል ውስጥ ካርቦንና ሃይድሮጅን ያለበት ጋዝ ሲቃጠል ኤሌክትሪክ የያዙ ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ እነሱ ይቆጠራሉ። ዓይኑ እጅግ የሰላ ነው። ከብት በሚያመሰኳበት ጊዜ የሚያወጣውን ሚቴን ከአየር ሚሊዮን እጅ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን እንኳ ያገኘዋል። ነገር ግን ኦክሲጅንን፣ ናይትሮጅንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን ፈጽሞ አያይም። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ የጉድጓድ ናሙና ብንሰጠው ቀጥ ያለ መስመር ይሥልልናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲያይ ከተፈለገ ጋዙ አስቀድሞ በጋለ ኒኬል ላይ ከሃይድሮጅን ጋር አልፎ ወደ ሚቴን መለወጥ አለበት።

ኤሌክትሮን ቀላቢ ጠቋሚ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራው ጄምስ ላቭሎክ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ከጨረር አመንጪ ኒኬል የሚወጡ ኤሌክትሮኖችን የሚቀልቡ ጋዞችን ብቻ ይመዘግባል። እንደ ዲዲቲ ያሉ ክሎሪን ያለባቸው ፀረ ተባይ መድኃኒቶች በምግብና በአፈር ውስጥ መቅረታቸው የታወቀው በአብዛኛው በዚህ ጠቋሚ ነው። ዩሪያ ከተጨመረበት የስንዴ ማሳ የሚወጣውን ናይትረስ ኦክሳይድም የሚለኩት በእሱ ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ሚሊዮን እጅ አንድ ሦስተኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። ሚቴንን ግን ይህ ጠቋሚ አያይም።

የነበልባል ብርሃን ጠቋሚ። ፎስፎረስ ወይም ድኝ ያለበት ጋዝ በነበልባል ውስጥ ሲያልፍ የራሱን ብርሃን ይሰጣል፤ ጠቋሚው ያንን ብርሃን ለይቶ ይለካል። ለፎስፊን የሚስማማ ነው። የጉድጓዱን የተቃጠለ አየር ግን አያይም።

ከዚህ እንደምንረዳው ናሙና ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄድ ሠራተኛ «ጋዙን መርምሩልኝ» ማለቱ ብቻ አይበቃም። የትኛውን ጋዝ እንደሚፈልግ፣ ቦታው በመድኃኒት ታጥኖ እንደሆነና እህሉ እርጥብ እንደነበረ መናገር አለበት። ጥያቄው ካልተነገረ ላቦራቶሪው የተሳሳተ ጠባቂ ኬላው ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል።

5. የናሙና አወሳሰድ

መሣሪያው የቱን ያህል ጥሩ ቢሆን ከቀረበለት ናሙና በላይ ሊያውቅ አይችልም። አንድ ጊዜ ከአንድ ጣቢያ ዐሥር ብልቃጥ ናሙና ደረሰን። ናሙናዎቹ የተወሰዱት ሊከፈት ከታሰበ ጉድጓድ ሲሆን፣ ጥያቄውም «ሰው ይግባ ወይስ አይግባ» የሚል ነበር። ዘጠኙ ብልቃጦች ልክ እንደ ውጭው አየር ሆነው ተገኙ። ዐሥረኛው ግን ከፍተኛ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሳየ። ብዙው ዘጠኝ ስለሆነ «ጉድጓዱ ደኅና ነው» ብለን ለመጻፍ ተቃርበን ነበር። ክዳኖቹን ስንመረምር የዘጠኙ ላስቲክ ደጋግሞ የተወጋ፣ የተሰነጣጠቀ አሮጌ ላስቲክ ሆኖ አገኘነው። በመንገድ ላይ የጉድጓዱ አየር ወጥቶ የውጭው ገብቶባቸዋል። እውነቱን የተናገረው አንዱ ብቻ ነበር። በዚያው ቀን ማንም እንዳይገባ በስልክ ነገርናቸው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጣቢያ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል እንዲከተል እንጠይቃለን።

1ኛ) እህሉ ወደ ጉድጓዱ ሲገባ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች ይቀበሩ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከመካከል፣ አንዱ ከታች። የውጭው ጫፋቸው ታጥፎ በጥብቅ ይታሰር። እንዲህ ከሆነ ጉድጓዱ ሳይከፈት፣ ሰውም ሳይጠጋ ናሙና መውሰድ ይቻላል።

2ኛ) በቱቦው ውስጥ የቆመው አየር የጉድጓዱ አየር አይደለም። የውስጥ ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ቱቦ 28 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ይይዛል። ስለዚህ በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ሁለት ጊዜ ስቦ መድፋት፣ ከዚያ ሦስተኛውን ለናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።

3ኛ) ብልቃጡ አየሩ አስቀድሞ የተሳበ፣ የላስቲክ ክዳኑም አዲስ ይሁን። በ20 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ውስጥ 30 ሚሊ ሊትር ናሙና ይገፋ። በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ከበለጠ፣ ቀዳዳ ቢኖር እንኳ ናሙናው ጥቂት ይወጣል እንጂ የውጭው አየር ገብቶ አያበላሸውም።

4ኛ) ናሙናው ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ከሆነ ይህ ይበልጥ ይጠበቅ። ከሮቤ ወደ ሶፍ ዑመር ግድም ሺህ ሜትር ያህል ሲወረድ የውጭው ግፊት ስለሚጨምር ያልጠበቀ ብልቃጥ የመንገዱን አየር ይስባል።

5ኛ) ከእያንዳንዱ ጉድጓድ ጋር አንድ የውጭ አየር ናሙና ይላክ። ላቦራቶሪው ሥራውን የሚፈትነው በእሱ ነው።

6ኛ) በብልቃጡ ላይ የጉድጓዱ ቁጥር፣ ጥልቀቱ፣ የእህሉ ዓይነት፣ ቀኑና ሰዓቱ ይጻፍ። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑም ይገለጽ።

6. ውጤቱን ስለ ማንበብ

ጠቋሚው የሚሰጠው የጉብታ ስፋት እንጂ ከመቶ የተቆጠረ መጠን አይደለም። መጠኑ የሚታወቀው ልኩ ከታወቀ መለኪያ ጋዝ ጋር ሲወዳደር ነው። ለምሳሌ 5 ከመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት መለኪያ ጋዝ 2,000 የጉብታ ስፋት ቢሰጥና ናሙናው 3,100 ቢሰጥ፣ 3,100 በ5 ተባዝቶ ለ2,000 ሲካፈል 7.75 ከመቶ ይሆናል።

መለኪያው ጋዝና ናሙናው በአንድ ግፊት ወደ መሣሪያው መግባት አለባቸው። በደጋ አገር በአንድ ልክ ዕቃ ውስጥ የሚገባው ጋዝ ከባሕር ወለል ካለው ያንሳል። በሌላ አገር የተሠራ ማወዳደሪያ ቁጥር እንዳለ ከተወሰደ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ይላል፤ ይህም አደጋን የሚሸፍን ስሕተት ነው።

በዚያው ናሙና ኦክሲጅኑ 13 ከመቶ ሆነ እንበል። 7.75 እና 13 ሲደመሩ 20.75፣ ማለት 21 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። ይህ እህሉ በተለመደው መንገድ እንደተነፈሰ ያሳያል። ድምሩ ከ21 በብዙ ከበለጠ እህሉ እየተብላላ ነው፤ ለእህሉም ለሰውም መጥፎ ምልክት ነው።

አንድ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለ። በተለመደው ሙቀት አርጎን ከኦክሲጅን ጋር አብሮ ስለሚያልፍ ጠቋሚው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይመዘግባቸዋል። በውጭ አየር ላይ 21.9 ከመቶ ቢነበብ ስሕተት አይደለም። ነገር ግን ኦክሲጅኑ ፈጽሞ ባለቀበት ከረጢት ላይም 0.9 ከመቶ ያህል ይነበባል። ይህን ቀንሶ መቁጠር የመርማሪው ፈንታ ነው።

7. ለማኅበራት የምንሰጠው ምክር

ክሮማቶግራፍ በእያንዳንዱ ማኅበር በር አይገኝም፤ ውጤቱም በደቂቃ አይደርስም። ስለዚህ የላቦራቶሪ ምርመራ የሚጠቅመው የእህሉን አቀማመጥ ለማሻሻልና የጉድጓዱን ጠባይ ለማወቅ ነው። ዛሬ ሰው ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውን ለመወሰን በቦታው ላይ የሚለካ መሣሪያ ያስፈልጋል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየኖች ኦክሲጅንንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በአንድነት የሚለካ የእጅ መሣሪያ፣ ለታጠነ መጋዘን ደግሞ ለፎስፊን የተሠራ ቀለሙ የሚለወጥ የመስታወት ቱቦ በጋራ ገዝተው በየተራ ቢጠቀሙበት ከወጪው ጥቅሙ ያመዝናል። ኦክሲጅን ብቻ የሚለካ መሣሪያ ግን ከሻማው ጋር አንድ ዓይነት ጉድለት እንዳለው ይታወቅ።

መሣሪያ በሌለበት የሚከተለው ደንብ ይጠበቅ፤

ሀ) እህሉ በተቻለ መጠን ከውጭ ሆኖ በገመድ በታሰረ ዕቃ ይውጣ፤ ሰው የማይገባበት ጉድጓድ ሰው አይገድልም።

ለ) ጉድጓዱን ከፍቶ መተው ብቻ አይበቃም። ከባዱ ጋዝ ከታች ስለሚተኛ በወናፍ ወይም በማራገቢያ ንጹሕ አየር እስከ ታች ድረስ ይገፋ።

ሐ) የግድ የሚገባ ሰው ካለ ደረቱ ላይ በገመድ ይታሰር፤ ከውጭ ጎትተው ሊያወጡት የሚችሉ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ገመዱን ይያዙ፤ ሳያቋርጡም ያነጋግሩት።

መ) ሰው ከወደቀ ማንም ተከትሎ አይውረድ። በገመዱ ይጎተት፤ ገመድ ካልነበረው አየር እየተገፋ እርዳታ ይጠራ። ይህን ደንብ መጠበቅ ከሁሉ ይከብዳል፤ ልጁ ወይም ወንድሙ የወደቀበት ሰው ቆሞ ማየት አይሆንለትም። ስለዚህ ደንቡ በጭንቅ ጊዜ ሳይሆን አስቀድሞ በስብሰባ ላይ ይነገር፤ ገመዱም አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ሠ) በታጠነ መጋዘን በር ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ። አንድ ባለ 3 ግራም እንክብል 1 ግራም ፎስፊን ያወጣል። በባሌ ደጋ ብርድ ጋዙ የሚወጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ በቆላ የሚበቃው ቀን በደጋ አይበቃም። ከመድኃኒቱ ጋር የመጣው መመሪያ በሙቀቱ መጠን የሚያዘው ቀን ሳይሞላ መጋዘኑ አይከፈት፤ ከተከፈተም በኋላ ሳይናፈስና ሳይለካ ሰው አይግባ።

ማጠቃለያ

ዓይን፣ አፍንጫ፣ ሻማ፣ የጋለ ሽቦና ነበልባል ሁሉም ጠቋሚዎች ናቸው። ሁሉም የሚያዩት አላቸው፤ ሁሉም የማያዩት አላቸው። ብልኅ ሠራተኛ ጠቋሚው ሲናገር መስማት ብቻ ሳይሆን፣ ዝም ሲል «ይህ ጠቋሚ ዝም ያለው ጋዝ ስለሌለ ነው ወይስ ስለማያየው?» ብሎ ይጠይቃል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ከመኸሩ እህል ማስገቢያ በፊት ይህን ጽሑፍ ለየማኅበሩ አባላት በቋንቋቸው እንዲያነቡላቸው፣ በየቀበሌው ስንት የእህል ጉድጓድ እንዳለ እንዲመዘግቡና በየጉድጓዱ አፍ አጠገብ ገመድ መኖሩን ራሳቸው ሄደው እንዲያዩ አደራ እንላለን።